የሚስተር ኬር ቦርሳ

አቶ ዋለልኝ ቦርሳውን ከግራ ትከሻቸው ወደ ቀኙ አዛውረው ሚስተር ኬርን ተከተሉ። የጎልፍ ሜዳው አሥራ ሦስተኛ ጉድጓድ ላይ ደርሰዋል። የልጃቸው ባል ስለሺ የራሱን ቦርሳ አንግቶ ከአለቃው ከሚስተር ኬር ጎን ጎን ይሄዳል፤ ሰውየው በሳቀ ቁጥር አብሮ ይስቃል።

ጠዋት ስለሺ ጎልፍ ሜዳ እወስድዎታለሁ ሲላቸው፣ መኪናው ከሚኖሩበት ሠፈር ከክሬሰንት ታውን እስኪወጣ ድረስ አላመኑትም ነበር። ሠላሳ ዓመት አዲስ አበባ ጎልፍ ሜዳ ላይ ሠርተዋል፤ መጀመሪያ ቦርሳ እየተሸከሙ፣ በኋላ ለአምባሳደሮችና ለነጋዴዎች የኳስ አመታት እያስተማሩ። በቦርሳ ተሸካሚዎቹ ውድድር ሰባት ጊዜ አንደኛ ወጥተዋል። ልጃቸው ኤልፍነሽ ወደ ቶሮንቶ ካስመጣቻቸው ወዲህ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ የጎልፍ ዱላ አልጨበጡም። ሸሚዛቸውን ተኩሰው፣ ጫማቸውን ወልውለው ነበር የወጡት።

ሜዳው ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ነው። በኦንታሪዮ ሐይቅ ዳር የተዘረጋ፣ ዛፍ የሌለው፣ አሸዋማ ነው፤ ዳር ዳሩን ያለው ሣር ጉልበት ይደርሳል። የሐይቁ ማዶ ስለማይታይ ባሕር ነው የሚመስለው። እንዲህ ያለውን ሜዳ አቶ ዋለልኝ የሚያውቁት አንድ እንግሊዛዊ ትቶላቸው በሄደ መጽሔት ላይ ብቻ ነበር። ከመኪናው ሲወርዱ ቆም ብለው ነፋሱን በአፍንጫቸው ሳቡት።

ስለሺ ነገሩን የነገራቸው ያን ጊዜ ነው። ክለቡ በሞተር ጋሪ መሄድ አይፈቅድም፤ ሚስተር ኬር ደግሞ ወገቡን ያመዋል፤ ስለዚህ ቦርሳውን እሳቸው ይይዙለታል። ሚስተር ኬር ሲመጣም በእንግሊዝኛ አስተዋወቃቸው። አቶ ዋለልኝ «ቸርች» የምትለዋን ቃል ለይተው ሰሙ። የሚስቴ አባት ናቸው አላለም፤ ከቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው ሽማግሌ ናቸው ነው ያለው።

ቦርሳውን ተቀብለው አነገቱ። ነገሩ ይገባቸዋል። ስለሺ ኢቶቢኮ የሚባል ሠፈር መጋዘን ውስጥ አምስት ዓመት ካርቶን ሲደረድር ኖሮ ነው የሙያውን ሥራ ያገኘው። የኢንጂነርነት ፈቃዱን ለማግኘት ደግሞ አለቃው ሚስተር ኬር የሥራ ልምዱን መስክሮ መፈረም አለበት። ሊፈርምለት የቀጠረው ለሰኞ ነው።

አሥራ ሦስተኛው ጉድጓድ ኳሱን በውኃ ላይ ማሻገር ይጠይቃል። ባንዲራው ማዶ፣ ከጉብታው ሥር ተተክሏል። ሚስተር ኬር ሰባት ቁጥር ዱላ ጠየቀ። ጉብታው ስለከለለው ባንዲራው አይንቀሳቀስም፤ ውኃው ግን በነፋሱ ወደ እነሱ እየተገፋ ነው። አቶ ዋለልኝ ኳስ ይበልጥ አርቆ የሚልከውን አምስት ቁጥሩን መዘው ሰጡት። ሰውየው በትዕግሥት ፈገግ ብሎ አምስቱን መለሰላቸውና ሰባቱን ራሱ አወጣ፤ ዱላው ላይ ያለውን ቁጥር በጣቱ እያሳየ አነበበላቸው። ኳሱ ወጣ፣ ነፋሱ ላይ ቆመ፣ ውኃው ውስጥ ገባ። ስለሺም ቀጥሎ መትቶ እዚያው ከተተ።

ሚስተር ኬር ሳቀ። ከዚያ ዱላውን ለአቶ ዋለልኝ ዘረጋላቸው፤ እስቲ እሳቸውም ይሞክሩ አለ።

አቶ ዋለልኝ ቦርሳውን መሬት አስቀመጡ። ሰባቱን መልሰው አምስቱን አወጡ። እግራቸው ሳያዙት ቦታውን ያዘ። ስለሺ ኳሱን የሚያስተካክልላቸው መስሎ እግራቸው ሥር ቁጢጥ አለ።

«አባባ፣ ይሳቱት» አለ በአማርኛ፤ ፊቱ ላይ ያለው ፈገግታ አልተነቃነቀም።

«ምን አልከኝ?»

«እሱ ውኃ ውስጥ ከትቶ እርስዎ ቢያሻግሩት ያፍራል። ሰኞ ነው የሚፈርምልኝ።»

«አንዲት ኳስ ናት፣ ስለሺ። አንዲት።»

«ሦስት ዓመት ቤቴ ሲኖሩ አንድ ነገር ጠይቄዎት አላውቅም» አለና ተነሣ።

መሳት ከባድ ሆነባቸው። ክንዳቸው የሚያውቀው አንድ መንገድ ብቻ ነው። ዱላውን አንሥተው ሲያወርዱ፣ ኳሱ መሃል ሊያርፍ ሲል ጉልበታቸውን ሰብረው መሬቱን መቱት። እጃቸው እስከ ክርናቸው ነዘራቸው። አፈሩ ተነሥቶ ጫማቸው ላይ ፈሰሰ፤ ኳሱ ከቦታው አልተነቃነቀም። ስለሺ ሳቀ። ከሚስተር ኬር ቀድሞ ነው የሳቀው፤ አብዝቶም ነው የሳቀው።

ሚስተር ኬር ግን ቶሎ አቆመ። ክፉ ሰው አልነበረም። መጥቶ ከኋላቸው ቆመ፤ ለሕፃን እንደሚናገር ቃላቱን እየጎተተ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ከዱላው አላቀቀና በራሱ መንገድ መልሶ ደረደራቸው። አያያዙ ትክክል አልነበረም፤ እንዲህ ተይዞ የተመታ ኳስ ውኃውን አይሻገርም። አቶ ዋለልኝ በሥራ ዘመናቸው እንዲህ የሚይዝ ሰው ከመጣላቸው በመጀመሪያው ቀን ነበር የሚያርሙት።

«ታንክ ዩ ሰር» አሉ።

ስለሺ ብላክቤሪ ስልኩን አውጥቶ ሁለቱን ፎቶ አነሣቸው። ከሚስተር ኬር ጋር ጥቂት ተነጋገረና ፊቱ በራ።

«አባባ፣ ወዶዎታል» አለ። «በጋውን ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ይምጡ፤ ቦርሳዬን ይያዙልኝ፣ እኔ ደግሞ አስተምራቸዋለሁ ነው የሚለው።»

ሚስተር ኬር ኳሱን በጣቱ አሳያቸው፤ እንደገና ይሞክሩ ማለቱ ነው። ነፋሱ ወድቆ ውኃው ለጥ ብሏል። አቶ ዋለልኝ አውራ ጣታቸውን ሰውየው ካስቀመጠበት ሳያንቀሳቅሱ ዱላውን አነሡ።