የካሳ ቦታ

በሪሁን ሁመራ ሰሊጥ ሊያጭድ ሄዶ ሁለት ዓመት ቀረ። እዚያ ከሌላ ሴት ጋር ጎጆ ቀልሷል ተብሎ አገሩ ሰቆጣ ድረስ ተሰማ። ሲመለስ ሚስቱ ቦሰና ምንም አልጠየቀችውም። እግሩን አጠበችው፤ አብልታ አስተኛችው።

በዚያው በጋ ከከተማው በታች የመንገድ ሥራ ተጀመረ። የሠራተኞቹ አለቃ ካቦ ተስፋው የበሪሁንን ትከሻ አይቶ፣ “ነገ በጠዋት ና” አለው። በጠዋት ሲሄድ ግን ፊቱን ሳያይ፣ “ሞልቷል” አለው። ከኋላው የቆመው ሰውዬ ተቀጠረ።

ለጤና ጣቢያ ዘበኝነትም፣ ለቤተ ክርስቲያኑ ድንጋይ ጠረባም እንዲሁ ሆነ። ዛሬ እሺ፣ ነገ እምቢ።

“ስሜን የሚያጠፋው ካሳ ነው” አላት በሪሁን ለቦሰና።

ካሳ የመንገድ ሥራው ግቢ በር ጠባቂ ነው። ዱሮ ለቦሰና ሽማግሌ ልኮ ነበር፤ ቤተሰቧ ለበሪሁን ዳራት።

ቦሰና እንዝርቷን አሾረች። “እኔ ምን አውቃለሁ” አለች። “የሱ ነገር ግን ከዱሮም አይጥመኝ።”

በሪሁን ሥራ መፈለጉን ተወ። ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ ደጃፉ ላይ ይቀመጣል፣ ጥላው ሲደርስበት ይገባል። ቦሰና ለሰው እየፈተለች፣ ጠላ እየሸጠች ታበላዋለች። የሰፈሩ ወንዶች “የቦሰና ሙሽራ” አሉት።

“ሁመራ ልመለስ እንዴ?” አላት አንድ ቀን።

“ምን ጎደለህ? እኔ አለሁልህ።”

በገበያ ቀን ጠጥቶ ወጣና ካሳን መንገድ ላይ አገኘው።

“ምን አድርጌህ ነው እንጀራዬን የምትዘጋው?”

“ማርያምን፣ ስላንተ ክፉ ቃል ካፌ አልወጣም” አለ ካሳ።

በሪሁን አልሰማውም። በያዘው ዱላ ደጋግሞ መታው። የካሳ ቀኝ ክንድ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ወጌሻው አሽቶ አስሮ፣ “ከእንግዲህ ለሥራ አይሆንም” አለ።

ሽማግሌ ገባ። በሪሁን ድንጋይ ተሸክሞ ካሳ እግር ሥር ወደቀ። ካሳም በግራ እጁ አነሣው። በሪሁን ቤቱ ገብቶ ጋቢውን ተከናነበና ተኛ። ከዚያ ወዲያ ደጃፉ ላይ እንኳ አልታየም።

ከሳምንት በኋላ ካቦ ተስፋው መጣ። ቦሰና ወጥታ እጅ ነሣች።

“ካሳ ነው የላከኝ” አላት። “‘ሥራ ማጣት ነው እንዲህ ያደረገው፤ የኔን ቦታ ለሱ ይስጡልኝ’ እያለ አላስቀምጥ አለኝ። እኔም እሺ ብያለሁ። ያ የነገርሽኝ የሚጥል በሽታው ከተሻለው ነገ ይምጣ።”

ቦሰና በሩን ከኋላዋ ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

“አልተሻለውም ጌታዬ” አለች።