ሳያዙት የሚሠራ

መምህር ቢያዝን ቀኝ እጁን እስከ አንጓው ድረስ በረዶ የሞላበት ባልዲ ውስጥ ነከረ።

“እስክነግርዎት አያውጡት፣ መምህር” አለችው እሌኒ። ለጥናት ከዩኒቨርሲቲ ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል የመጣች የሕክምና ተማሪ ናት። “አንድ ደቂቃ ብቻ ነው።”

አባቱ አቶ ክንፈሚካኤል ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። አምና ሽንዲ አጠገብ ባለው ማሳቸው በቆሎ ሲኮተኩቱ ድንገት ወደቁ፤ የደም ግፊት ነው ተባለ። ከዚያ ወዲህ ቀኝ ጎናቸው ዝሏል፣ ቃልም አጥሯቸዋል። ዛሬ ለክትትል ሲያመጣቸው ነው እሌኒ፣ ግፊት ያለባቸው ሰዎች ጤነኛ ልጆችን እየመረመረች መሆኑን የነገረችው።

“እኔ እንኳ ወደ እናቴ ነው የማደላው” ብሏት ነበር። “እሷን ራስ ምታት እንኳ አያውቃት። እኔም የስፖርት መምህር ነኝ፤ ጧት ጧት እሮጣለሁ።”

ቅዝቃዜው አጥንቱ ድረስ ገባ። አባቱ እያዩት ነውና ፊቱን አልቋጠረም። ግራ ክንዱ ላይ የታሰረው የግፊት መለኪያ ተነፋ፣ ተነፈሰ። መቶ አሥራ ስምንት የነበረው ቁጥር መቶ ሃምሳ ስድስት ሆነ።

“ያውጡት።”

“አመመህ?” አሉ አባቱ፣ ቃሉን እየጎተቱ።

“የለም፣ አባዬ።” ከዚያ ወደ እሌኒ ዞረ። “አልፈራሁም እኮ።”

“አውቃለሁ። ፍርሃት አይደለም። ከሰው ፈቃድ ውጭ የሚሠራ ነርቭ አለ። ብርድ ሲሰማው የደም ሥሮችን ያጠባል። እርስዎን አያማክርም።”

“ሁሉም ሰው ላይ እንዲህ ነው?”

“ሁሉም ላይ ይጨምራል። እናት ወይም አባታቸው ግፊት ያለባቸው ላይ ግን ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል። ታመዋል ማለት አይደለም፤ በየጊዜው እየተለኩ መኖር ነው።”

ቢያዝን የቀላ እጁን ተመለከተ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ተኝቶም ነቅቶም፣ ይህ ነገር ውስጡ ሲሠራ ኖሯል። አባቱን አየ። እኒህ ሰው ከስማቸው ሌላ ምን እንደሰጡት አስቦ አያውቅም ነበር።

“አንድ ይቀረናል” አለች እሌኒ። አልጋው ላይ አስተኝታ ደረቱ ላይ ሽቦዎች ለጠፈችለት። “አምስት እስክቆጥር አየር ያስገቡ፤ አምስት እስክቆጥር ያውጡ።”

አየር ሲያስገባ የልቡ ምት ፈጠነ፤ ሲያወጣ ዘገየ። አጠገቡ ባለው ስክሪን ላይ የምቱ መስመር እንደ ደጋ ዳሞት ጋራ ሽቅብ ወጣ፣ ቁልቁል ወረደ።

“ልቤ ትንፋሼን ይከተላል?” አለ በለሆሳስ።

“ከተወለዱ ጀምሮ። አሁን አይናገሩ።”

በአራተኛው ዙር ላይ ሌላ ትንፋሽ ሰማ። አቶ ክንፈሚካኤል ዓይናቸውን መስመሩ ላይ ተክለው አብረውት ይተነፍሳሉ፤ ሲያስገባ ያስገባሉ፣ ሲያወጣ ያወጣሉ። እሌኒ መቁጠሯን ተወች። ቢያዝን ዓይኑን ጨፍኖ የአባቱን ትንፋሽ ተከተለ። መስመሩም ወጣ፣ ወረደ፣ ደግሞ ወጣ።