የማይለቁ እጆች

በኮሎትላን ከተማ መጠጥ ቤት ወንድነት የሚለካው በኤሌክትሪክ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ሃይሮ የሚባል ኮሎምቢያዊ ትንሽ የእንጨት ሳጥን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይመጣል። ከሳጥኑ በሽቦ የተያያዙ ሁለት የብረት እጀታዎች አሉ። ወንዱ ይጨብጣቸዋል፣ ሃይሮ ማዞሪያውን ቀስ እያለ ከፍ ያደርጋል፣ ቤቱ ያጨበጭባል። ቶሎ የለቀቀ "ራሆን" ይባላል፤ ከጨዋታ መሃል የሚሸሽ፣ ወንድ መሳይ። እስከ መጨረሻው የያዘ "ጋዮ" ነው፤ አውራ ዶሮ።

የከተማው አውራ ዶሮ ኮርቻ ሰሪው ዶን ኤፒግሜኒዮ ነበሩ። የከተማው ራሆን ደግሞ የገዛ ልጃቸው ሊብራዶ። እሳት አመድ ወለደ ይላል ሰው፤ እሱ እየሰማ።

ሊብራዶ ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነው። አገር የሚያደንቀውን የአባቱን ኮርቻ የሚሰፋው እሱ ነው። ዶን ኤፒግሜኒዮ ወስፌና መርፌ ከተዉ ሰነባብተዋል። "ጌታ ያዛል እንጂ አይሰፋም" ብለው ወንበራቸው ላይ ተደላድለው ያዛሉ። የሸሚዛቸውን ቁልፍ እንኳ የሚቆልፉላቸው ሚስታቸው ናቸው። "ሚስት ያለው ወንድ ከቁልፍ ጋር ምን ያታግለዋል?" ይላሉ።

ጀግንነታቸው ግን በወሬ ብቻ አልነበረም። አምና በከተማው በዓል፣ ሚስማር የቡት ጫማቸውን ሶል በስቶ ገብቶ፣ ቀኑን ሙሉ ከሰልፉ ፊት ፊት ሲራመዱ ዋሉ። ማታ ጫማው ሲወልቅ ደም ሞልቶበት ተገኘ። አንዴም አላነከሱም። እስከ ዛሬ በዚያ ወሬ ተኪላ ይጠጣበታል።

ለልጃቸው የሰጡት ቃል አንድ ነው፦ "በሳጥኑ ያሸነፍከኝ ቀን የሱቁን ቁልፍ ትወስዳለህ። እስከዚያ ተላላኪዬ ነህ።" ሊብራዶ ደጋግሞ ሞክሮ ደጋግሞ ለቋል። አሁን ግን ሚስቱ ኦዲሊያ እርጉዝ ናት። ጠዋት ሻንጣዋን አልጋው ላይ ዘርግታ ነበር።

"ልጄ አባቱ ራሆን ሲባል እየሰማ አያድግም" አለችው። "ዛሬ ባዶ እጅህን ከተመለስክ እኔ ነገ ጓዳላሃራ፣ እህቴ ዘንድ ነኝ። አልቆጣህም፣ ሊብራዶ። ደከመኝ።"

ብትቆጣው ይሻለው ነበር።

አባቱ እንደሚያጭበረብሩ ካመነ ቆይቷል። ሌላው ሰው እጀታዎቹን ራሱ ያነሣል። ለዶን ኤፒግሜኒዮ ግን ሃይሮ ጎንበስ ብሎ መዳፋቸው ላይ ያኖርና ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ያጥፍላቸዋል። ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። ቁራጭ ላስቲክ ጣል ያደርግላቸዋል። ካልሆነም ማዞሪያውን ያዞረ መስሎ አያዞረውም። ከጨዋታው በኋላ ሁለቱ ጥግ ይዘው ሲንሾካሾኩ በዓይኑ አይቷል።

ገና ከበሩ ሲገባ የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ታቾ ተቀበለው።

"መጣ ራሆን! የሚስትህን ሽርጥ ፈትተህ መጣህ?"

"ተወው፤ ልጁ ቬራኮ ነው" አለ ሃይሮ።

"ከርከሮ ነው ነው የምትለው?"

"በእኛ አገር ጀግና ማለት ነው፣ አንተ ደንቆሮ።"

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሊብራዶ ያን ሳቅ ዕድሜውን ሙሉ ሰምቶት አልለመደውም።

መጀመሪያ የጨበጠው እሱ ነው። ጥርሱን ነከሰ፤ የኦዲሊያን ሻንጣ አሰበ። ማዞሪያው ግማሽ ላይ ሲደርስ ክንዶቹ የራሱ መሆናቸው ቀረ። እንባው ዱብ ሲል እጀታዎቹም አብረው ወደቁ።

"ራሆን! ራሆን!"

ዶን ኤፒግሜኒዮ ተነሥተው በልጃቸው ወንበር ተቀመጡ። ሃይሮ እጀታዎቹን ሊያነሣ ጎንበስ ሲል ሊብራዶ ቀደመው።

"ዛሬ የማስጨብጠውም የማዞረውም እኔ ነኝ።"

የሃይሮ ፊት ተለዋወጠ።

"ተው ሊብራዶ። ተው ወንድሜ፣ ይቅርብህ።"

ድንጋጤውን ሲያይ ሊብራዶ ልቡ ሞላ። ያዝኳችሁ አለ በሆዱ።

"ይሁንለት" አሉ አባትየው፤ እንደ ልማዳቸውም ዓይናቸውን ጨፈኑ። "ጋዮ ሳጥን አያይም።"

ሊብራዶ እጀታዎቹን አስቀድሞ በራሱ እጅ ሞከራቸው። እስከ ትከሻው ነዘረው፤ ይሠራሉ። ማዞሪያውን ወደ ዜሮ መለሰ። ከዚያ የአባቱን መዳፎች ገለባበጠ። ላስቲክ የለም። የቆዳ ቁራጭም የለም። በሁለት ጣቶቻቸው መሃል ሲጋራ ያቃጠለው ጠባሳ ብቻ። ብረቱን አስጨበጣቸው፤ ጣቶቻቸውንም በገዛ እጁ አጠፈ።

ማዞር ጀመረ። እሱ የለቀቀበት ጋ ደረሰ፤ አለፈው። የሳጥኑ መብራት ደመቀ። የአባቱ ፊት እንደ እሁድ ጸሎት የረጋ ነው። ሰው ማጨብጨቡን ተወ። ታቾ አማተበ። ሊብራዶ ጨመረ፤ ደግሞ ጨመረ። ይልቀቁ፣ አባባ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይልቀቁልኝ ይላል በልቡ፤ ከሕፃንነቱ ወዲህ እንዲህ ለምኗቸው አያውቅም። ማዞሪያው ቀጭ ብሎ ቆመ። ከዚያ ወዲያ የሚሄድበት የለውም።

ሃይሮ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ዶን ኤፒግሜኒዮ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ተቆጡ፦ "ምን ትጠብቃለህ፣ አንተ ራሆን? ጀምረው እንጂ!"