የአይጥ ሰርግ

ዘጠነኛው ደረጃ ላይ ምን ዓይነት ሙዚቃ ነበር?

ሚስራ ይህን ጥያቄ ከአሥራ አንድ ዓመቷ ጀምሮ ይዛው ኖራለች። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ተመርቃ ወጣች፤ ያላነበበችው መጽሐፍ የለም። ጥያቄው ግን አልተመለሰም።

አባቷ መንሱር፣ ቤተሰቡ አሜሪካ ኦሮራ ከተማ እንደገባ ሰሞን፣ ያገለገለ ዕቃ ግቢ ውስጥ ከሚሸጥበት ያርድ ሴል አሮጌ ኮሞዶር ኮምፒውተር ገዝቶ ነበር፤ ልጁ ታይፕ እንድትማርበት። አብሮት የመጣው ግን አንድ ጌም ብቻ ነው፤ እንቁራሪት ከጉድጓድ ለመውጣት የምትዘልበት። ማሽኑ በአንድ ጊዜ ከሦስት ድምፅ በላይ ማውጣት አይችልም። ዜማውን የሠራው ሰው በዚህ አልተበገረም፤ ድምፆቹን እያፈራረቀ ያሯሩጣቸዋል፤ ሙዚቃውም ብርድ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጣል። እያንዳንዱ ደረጃ የራሱ ዜማ አለው። ሚስራ ቁልፉን በአውራ ጣቷ እየተጫነች እንቁራሪቷን የምታዘልላት ለዜማው ስትል ነበር።

እናቷ ሳቢራ ግን አልወደደችውም።

«ዝጊው ይህን የአይጥ ሰርግ!» ትላለች ከኩሽና። «ጆሮዬን በላው!»

ሚስራ ስምንተኛው ደረጃ ላይ በደረሰች ሰሞን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጠረጴዛው ባዶ ነበር።

«ለሮማነወርቅ ሰጠሁት» አለች ሳቢራ፤ ወዳጇን ማለቷ ነው።

«እትዬ ሮማነወርቅ ልጅ የላቸውም እኮ!»

«ታዲያ ልጅ የሌለው ሰው ዕቃ አይሰጠውም?»

ሚስራ አላመነችም። ከሕንፃው ጀርባ ያለውን የቆሻሻ ገንዳ ከፍታ አየች። ውስጡ አንድ እግሩ የተሰበረ ሶፋ ብቻ ነበር። «ቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ወስደውት ሄደዋል» አለች ለራሷ። ከዚያ ወዲህ ለእናቷ የምትመልሰው በአንድ ቃል ነው፤ «እሺ»፣ «አይ»፣ «በላሁ»።

ሳቢራ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ መልስ፣ ሃቫና ስትሪት ጀርባ ወዳለው የሮማነወርቅ አፓርትመንት መሄድ ለመደች።

«ነይ ሚስሪዬ፣ አብረን እንጫወት» ትላለች በሩ ላይ ቆማ።

«ማንበብ አለብኝ።»

እንግዳ ሲመጣ መኝታ ቤት የምትደበቅ ልጅ፣ ከሁለት ትልልቅ ሴቶች መሀል ተቀምጣ ሐሜት የምትሰማ አይደለችም።

ሳቢራ ሲመሻሽ ዓይኗ ቀልቶ፣ አውራ ጣቷን እያሸች ትመለሳለች። «አፉ በሉኝ፣ ጨዋታ ይዞን ነው።»

«ሁለት ሴት ይህን ሁሉ ሰዓት ምን ያወራል?» ይላል መንሱር። ቢሆንም ለጣቷ ቅባት ገዝቶላታል። «ሆቴል ቤት አንሶላ መወጠር ነው የጨረሳት» ይላል። ሮማነወርቅም አውራ ጣታቸውን እንደሚያማቸው ሲሰማ ለእሳቸውም ገዛ።

ከዚያ ሳቢራ ዕቃ እያጠበች ታንጎራጉራለች። ቃል የለውም፤ ድምፅዋ ብቻ ሽቅብ ቁልቁል ይንቀጠቀጣል። መንዙማ ነው ብሎ ያመነው መንሱር ነው፤ ከወሎ አያቷ የወረሰችው። ስትጀምር ሪሞቱን አንስቶ ቴሌቪዥኑን ያጠፋል። አንዴ ፍጹም ቅጣት ምት ሊመታ ሲል አጥፍቷል።

«ለእንዲህ ያለ ነገር አክብሮት ያስፈልጋል» አለ ላቡን እየጠረገ። ሚስራ በሯን ዘግታ የጆሮ ማዳመጫዋን አደረገች።

በፈረንጆች 2007 ሚስራ ዴንቨር ውስጥ ሥራና አፓርትመንት አገኘች። አድራሻዋን ለአባቷ ብቻ ልትሰጥ አስባለች። ልትወጣ አንድ ቀን ሲቀራት፣ ቅዳሜ፣ መጻሕፍቷን ካርቶን ውስጥ ስትከት ሳቢራ ጃኬቷን ለብሳ በሩ ላይ ቆመች።

«ነገ መሄድሽ ነው። ዛሬ እንኳ ነይ፣ እንጫወት።»

«አይ።»

«እሺ፣ የኔ እናት» አለችና ወጣች።

መንሱር ኳሱን እያየ «ተይ እንጂ፣ እናትሽ ናት» አለ።

«የነበረኝን አንድ ነገር ጣለችብኝ፣ አባ።»

«ያንን ኮምፒውተር? እስካሁን? ዩኒቨርሲቲ ያስተማረሽ ይህንን ነው?»

ሚስራ ላፕቶፗን ከፈተች። አንድ የማታውቀው ሰው የእንቁራሪቷን ዜማዎች በሙሉ ኢንተርኔት ላይ አስቀምጧቸው በዚያ ሳምንት አግኝታ ነበር። ዘጠነኛውን እስካሁን አልሰማችውም፤ ለመውጫዋ አቆይታዋለች። ምን እንደተነጠቀች አባቷም ይስማ ብላ ድምፁን እስከ ጥግ ከፍ አድርጋ ተጫነችው።

መንሱር ሪሞቱን አንስቶ ቴሌቪዥኑን አጠፋ።

«እናትሽ ተመለሰች እንዴ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ሽቅብ ቁልቁል የሚንቀጠቀጠውን ዜማ ሚስራ እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከዚያ ካርቶኑን በእግሯ ገፋ አደረገችና ጃኬቷን አነሣች።

«ወዴት ነው?»

«እትዬ ሮማነወርቅ ቤት» አለች። «ልጫወት።»