ሃያ አራቱ ቃላት

የልጃቸው ባል አሥራ ሁለተኛውን ቃል ሊያነብ ሲል አሮጊቷ ወረቀቱን ከእጁ መነተፉት። ለቤት መግዣ ያጠራቀመው ዲጂታል ገንዘብ የሚከፈተው እዚያ ላይ በተጻፉት ሃያ አራት ቃላት ነበር። አሮጊቷ ማንበብ ስለማይችሉ ምስጢሩ አይወጣም ብሎ እሳቸው ዘንድ ያስቀመጠው ራሱ ነው፤ አሁን ደግሞ መልኩን እንኳ ለማያውቀው ሰው በስልክ ይለፈልፍ ነበር።

"እማማ፣ ይስጡኝ እንጂ! ኳንተም የሚሉት ኮምፒውተር የድሮውን ቁልፍ ሁሉ ሊሰብር ነው። ስልክ ላይ ያለው ባለሙያ ገንዘቤን ወደ አዲስ ቁልፍ ሊያዛውርልኝ ነው።"

"ኮምፒውተሩማ ምን አለፋው፣ አንተ እያለህለት! ይኼን ነው የተማረ ብዬ ልጄን የዳርኩለት!"

ወረቀቱን አጣጥፈው ደረታቸው ውስጥ ወሸቁት። የአማቻቸው እጅ እንደተዘረጋ ቀረ። የሚስቱ እናት ደረት ውስጥ እንዴት ብሎ እጁን ይስደድ? ይኼኔ "ጌታዬ፣ ጌታዬ" እያለ ሲያባብለው የቆየው ባለሙያ ጠረጴዛው ላይ ካለው ስልክ ጮኸ።

"ምን ይገትርሃል? አሮጊቷን ቀማት እንጂ፣ አንተ ደደብ!"

የተዘረጋው እጅ ቀስ ብሎ ወደ ስልኩ ዞረና ዘጋው። ሰውየው አንገቱን ደፋ።

"ሌባ ነው" አሉ አሮጊቷ። "አንተን በማወቁ ግን አልተሳሳተም።"