የግራ ትከሻ

አርባ ዓመት ከመርፌ ጋር ለኖረች ሴት «ይችሉት ይሆን?» ይባላል? ያውም በሹክሹክታ፣ ያውም መቀስ አያያዝ ካስተማረቻት ልጅ አፍ! ስፒሏ ሰምታለች። ጆሮዋ እንደሆነ ገና የልጃገረድ ነው። ክንዷ ላይ ካሰረችው ትንሽ ትራስ አራት ስፒል ነቀለችና ከንፈሯ መሀል ሰካቻቸው።

ስሟም የወጣው ከዚሁ ነው። ከኋላዋ «ስፒሏ» ይሏታል፤ ከፊቷ ግን «እትዬ» ናት፣ ማን ደፍሮ! ዛሬ ስፒሎቹን የነከሰችው ልትሠራባቸው አይደለም። አፏን ልትዘጋባቸው ነው።

ይሄ አፍ ያላባረረባት ሲሳይ የለም። ሰው የሰፋችውን አይቶ «እሰይ!» ሊል ሲል እሷ ቀድማ ጣቷን ትቀስራለች፤ «እዚች ጋ ጠማለች፣ አላየህም?» ማንም ያላየውን! አንድ የሙሽራ አባት በዚሁ የተነሳ ኮቱን ጥሎላት ሄዷል። የጨርቅ ቆራጮች አለቃ ትሁን የተባለች ጊዜም «ዓይኔ ደክሟል» ብላ እምቢ አለች። ዓይኗ እኮ ዛሬም ጥቁር ክር በጥቁር ጨርቅ ላይ ለይቶ ያያል። ልጅ ሳለች ጥፋቷን ራሷ ቀድማ ካልተናገረች፣ እንጀራ እናቷ ዱላውን እጥፍ ታደርግባት ነበር። እንጀራ እናቷ ከሞተች ሠላሳ ዓመት አልፏታል፤ ስፒሏ ግን እስካሁን ትናገርላታለች።

በልብስ ስፌቱ ክፍል ሴቶቹ መኪናቸውን አቁመው አንገታቸውን አስግገዋል። ከመሀል የቆመው የእንጨት ሰው የእሷን ኮት ለብሷል። ለባቡር ትኬት ቆራጮች የሚሰፋው የስልሳ ኮት ናሙና ነው። ከተወደደ ስልሳውንም የምትቆርጠው እሷ ናት። ካልተወደደ ወደ ጥግ፣ ቁልፍ ወደ መትከል።

የባቡር ድርጅቱ ሰውዬ ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ኮቱን ዞረው። ገበሩን ገለጠ፣ ኮሌታውን ዳበሰ። «ጥሩ እጅ ነው» አለ።

«ግራ ትከሻው» የሚለው ቃል ስፒሏ ምላስ ጫፍ ላይ ደረሰ። ስፒሉ ወጋት። ቃሉን ዋጠችው።

ነገሩ እውነት ነው፤ ግራ ትከሻው ግማሽ ጣት ዘንበል ብሏል። ትናንት ሦስት ጊዜ ተረተረችው፣ ሦስት ጊዜ እዚያው ተመለሰ። ለአራተኛው መቀሷን ስታነሳ ዓይኗ ከመለኪያው መስታወት ላይ ወደቀ። አርባ ዓመት መኪና ላይ ሲደፋ የኖረው የራሷ ግራ ትከሻ ልክ እንደ ኮቱ ወርዷል። ኮቱ ከማን ሊያመጣው ኖሯል? አየችው፣ አየችውና «በይ እንግዲህ፣ ይኸው ነሽ» አለችና መቀሱን አስቀመጠች።

«ይሄ ትከሻ ግን…» ሰውየው አንድ ዓይኑን ጨፈን አደረገ።

አለቃዋ፣ ያቺው መቀስ ያስተማረቻት ልጅ፣ ፈጥና ገባች። «ዕድሜም አለ እኮ ጌታዬ። ግድ የለም፣ ለሌላ ሰው ሰጥተን እናስተካክለዋለን። እሳቸውም ያምናሉ። አይደል እትዬ?»

ሴቶቹ ሁሉ ወደ ስፒሏ ዞሩ። የምትለውን በቃላቸው ያውቁታል።

«እስቲ እናቴ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?» አለ ሰውየው። «አልዘነበለም?»

ስፒሏ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አውጥታ ትራሷ ላይ ሰካች። አልቸኮለችም።

«ዘንብሏል» አለች። «ግማሽ ጣት።»

አለቃዋ በረጅሙ ተነፈሰች። ይኸው ጀመረች ማለቷ ነው።

«አሁን ነው ያየኸው?» አለችው ስፒሏ ሰውየውን። «እኔ ከትናንት ጀምሮ አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አላቀኑትም?»

«ሦስቴ ተርትሬዋለሁ፤ በአራተኛው እምቢ አልኩ። እኔም እንዲሁ ነኝ፣ ይኸው እየኝ!» ሸሚዟን ከትከሻዋ ላይ ወጠር አድርጋ አሳየችው። «ደግሞ ልንገርህ፤ ሁለት ትከሻው እኩል የሆነ አንድ ሰው ፈልገህ አምጣልኝ። ቦርሳ የተሸከመ፣ ልጅ ያዘለ፣ በአንድ ጎኑ የሚተኛ፣ ሁሉም ዘንበል ያለ ነው። ከዚህ እንጨት በቀር! ባቡር ላይ ወጥቶ ትኬት የሚቆርጥልህ ይሄ እንጨት ነው?»

ከኋላ አንዷ ሳቋ አመለጣት።

«ኧረ እትዬ!» አለች አለቃዋ።

«አንቺ ቆይ፤ ወዳንቺ እመጣለሁ።»

ሰውየው ፈገግ እንደማለት ብሎ መልሶ ኮስተር አለ። «እሺ፣ መሥሪያ ቤቴን ምን ልበለው? ጠማማ ኮት ገዛሁላችሁ?»

ያን ጊዜ የድሮው ቃል ተነሳባት። «ይቅርታ ጌታዬ፣ ድሮም እጄ አይረባም» የሚለው። እንደ አሮጌ ጫማ ልኳ ነው፣ እንዴት እንደሚጠለቅ ታውቃለች። አፏ ውስጥ አንድም ስፒል የለም፤ ብትለው የሚከለክላት የለም። ጠበቀችው። ጉሮሮዋ ድረስ መጣ፣ ቆመ፣ ተመልሶ ወረደ።

ወደ እንጨቱ ሄዳ አምስቱን ቁልፍ ፈታች፣ ኮቱን ገፈፈችው። ከዚያ ኮሌታውን በሁለት እጇ ይዛ ሰውየው ፊት ዘረጋችው።

«ጃኬትህን አውልቅ» አለችው። «መጀመሪያ ልበሰው፣ ከዚያ ታወራለህ።» ወደ አለቃዋ ዞረች። «አንቺ ደግሞ ምን ገትሮሻል? መስታወቱን ወዲህ አዙሪው። እኔም ልታይበት።»