የኮምፒውተሩ ሰላምታ

ጠዋት መዝገብ ያዥዋ የጤና ጣቢያውን ካርድ ክፍል ከፈተች፤ ጠረጴዛዋን ወልውላ ኮምፒውተሩን አበራች። «እንደምን አደርሽ?» አላት፣ እንደ ወትሮው በባሏ ድምፅ። በሕይወት ሳለ እሷን ለማሳቅ የሠራው ትንሽ ፕሮግራም ነው። ሰው ከመብዛቱ በፊት ብላ ኮምፒውተሩ የሚሠራበትን የሊኑክስ ሥርዓት ማሻሻያ አስጀመረች።

መሃል ላይ ቆመ። የታካሚዎቹ መዝገብ ላይብረሪ ከሚባለው የፕሮግራሞች አጋዥ ፋይል አዲሱን ይፈልጋል፤ የሰላምታው ፕሮግራም የሚሠራው ግን በአሮጌው ብቻ ነው፤ ሁለቱ አብረው አይጫኑም። አሮጌውን ለብቻው ልታስቀምጠው ሞከረች፤ እንቢ አላት። በዚህ መሃል መብራት ሄደና የመጠባበቂያው ባትሪ መጮህ ጀመረ። ማሻሻያው ሳያልቅ ባትሪው ከሞተ ኮምፒውተሩም ላይነሳ ይችላል።

«ኧረ አንቺ፣ ሰዉ ፀሐይ ላይ ነው!» አለች አኬሎ፣ በቅርቡ ከኢታንግ ተዛውራ የመጣችው ነርስ። «መዝገቡ ካልተከፈተ የቲቢ መድኃኒቱን ለማን ልስጥ?»

«ትንሽ ታገሺኝ።»

«እኔስ እታገሣለሁ፤ ባትሪው ይታገሥሻል?»

የድምፁን ፋይል ፍላሽ ላይ ገለበጠች። ኮምፒውተሩ የሰላምታው ፕሮግራም ይጥፋ ወይ ብሎ ጠየቀ። ጣቷ ቁልፉ ላይ ጥቂት ቆየ፤ ከዚያ ተጫነችው።

ማሻሻያው ባትሪው ሳይሞት አለቀ። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ተነሳ፤ መዝገቡ ተከፈተ። የማን ድምፅ እንደነበር ያልተነገራት አኬሎ ሳቀች። «አሁንስ ሰላም ሳይልሽ ተነሳ እኮ! ተጣላችሁ እንዴ?»

«ተሻሽሎ ነው» አለችና የመጀመሪያውን ታካሚ ካርድ ተቀበለች።

ድምፁ ፍላሹ ላይ አለ። ጠዋት ጠዋት ሳትጠራው የሚመጣው ሰላምታ ግን ከእንግዲህ የለም።